በጋራ ቤት እንደ ዳንኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመካከላችን ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። በሽኝታቸው ዕለት ስለ ብርዱና ስለ ትምህርቱ ክብደት እንመክራቸዋለን። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለ መኖር ግን የሚነግራቸው የለም። ሆኖም የተማሪ ሃይማኖትና ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው በትምህርት አዳራሽ ሳይሆን በጋራው ወጥ ቤት ነው።

በዚያ አገር ብዙ ተማሪ ለብቻው ቤት ለመከራየት አቅም ስለሌለው ሦስት አራት ሆኖ አንድ ቤት ይጋራል። ለየራሱ አንዳንድ ክፍል ይደርሰዋል፤ ወጥ ቤቱ፥ መታጠቢያውና ማቀዝቀዣው የሁሉም ነው። አንዱ ፕሮቴስታንት፥ አንዱ ሙስሊም፥ አንዱም እግዚአብሔር የለም የሚል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት የተዋሕዶ ልጅ እንዴት ይኑር?

መልሱን ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እናገኛለን። ዳንኤል፥ አናንያ፥ ሚሳኤልና አዛርያ ወደ ባቢሎን ተወስደው የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ሦስት ዓመት እንዲማሩ ተደረገ። ትምህርቱን እንቢ አላሉም። ከንጉሡ ማዕድ መብላትን ግን ዳንኤል በልቡ አልፈቀደም። ታዲያ ማዕዱን አልገለበጠም፤ አሳላፊውንም አልሰደበም፤ ተደብቆም አልበላም። አለቃውን በትሕትና ለመነ። አለቃው ንጉሡን እንደሚፈራ ሲረዳ ደግሞ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየተሰጣቸው ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ ጠየቀ። የራሱን ሕግ ሲጠብቅ የሌላውንም ሰው ጭንቀት አሰበ። ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፥ ሃይማኖትን ከመጀመሪያው ቀን በትሕትና መግለጥ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም ያልተነገረው ጓደኛ በዓርብ ቀን አይብ ቢያቀርብልን በደሉ ምንድን ነው? የአሳማ ሥጋ በሚጠበስበት መጥበሻ መጠቀም የማይፈልግ ሰውም ከማኩረፍ ይልቅ የራሱን መጥበሻ ገዝቶ ምክንያቱን በፈገግታ ይንገር። ዛሬ በዚያ አገር በገዛ ፈቃዳቸው ሥጋና ወተት የተዉ ወጣቶች ብዙዎች ስለሆኑ የጾም ምግብ በየሱቁ አይጠፋም። ነገር ግን እንጠንቀቅ፤ ጾም የምግብ ምርጫ ብቻ አይደለም። ጸሎትና ምጽዋት የተለየው ጾም ከአመጋገብ ልማድ አያልፍም።

ሁለተኛ፥ የቤቱን ሥርዓት ማክበር ነው። በጀርመን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፥ እሑድም ቀኑን ሙሉ የጸጥታ ሰዓት ነው። በሌሊት መዝሙር በከፍተኛ ድምፅ መክፈት ለእኛ ማኅሌት ቢመስለንም ለተኛው ሰው ሁከት ነው። በየመኖሪያ ቤቱ ጢስ ሲሰማው የሚጮኽ መሣሪያ ስላለም ቡና ስንቆላና ዕጣን ስናጤስ መስኮት መክፈትን አንርሳ። ቆሻሻው ወረቀቱ፥ ጠርሙሱ፥ የምግብ ትራፊው እየተለየ ይጣላል፤ የጽዳት ተራም አለ። ጾመኛ ነኝ የሚል ሰው የበላበትን ሳሕን ለሌላው ትቶ ቢሄድ የትኛውን ወንጌል ሰበከ? ዳንኤልን ሊከሱት የፈለጉት ሹማምንት በሥራው አንዳች ጉድለት እንዳጡበት እናስታውስ።

ሦስተኛ፥ በር ዘግቶ አለመቀመጥ ነው። በእነርሱ የልደት በዓል ዋዜማ፥ ማለትም በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ፥ የቤት ጓደኞች ወደየወላጆቻቸው ይሄዳሉ። ሱቁ ይዘጋል፤ ቤቱም ጭር ይላል። የእኛ ልጅ ገና በጾመ ነቢያት ላይ ነው። የእኛ ልደት ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቀን ይሆንበታል። ብቸኝነት የሚከብደው ያን ጊዜ ነው። ጓደኛው ወደ ቤተሰቡ ቢጋብዘው ይሂድ፤ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጦ መጫወት ጾምን አይሽርም። በእኛ በዓል ደግሞ እርሱ ይጋብዝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና። በኮሎኝና በፍራንክፈርት የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን ስላሉም ባቡር ተሳፍሮም ቢሆን ቅዳሴ ያስቀድስ፤ ከንስሐ አባት አይራቅ።

እንግዳ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ተጋብዘው ወደ ጀርመን ከተማ ወደ ጎታ በሄዱ ጊዜ ከሊቁ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ቋንቋችንንና የአገራችንን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ያለ እርሳቸው ትምህርት ባልተጻፈ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ በባዕድ ቤት በትዕግሥት መቀመጡ እንዲህ ያለ ፍሬ አፈራ።

እኛስ በአገር ቤት የቀረነው? ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በብድር ገንዘብ የሄዱ ናቸው። ስንደውል «መቼ ትልካለህ?» ከማለታችን በፊት «ከማን ጋር ትበላለህ?» ብለን እንጠይቅ። ብቻዬን ነኝ ለማለት የሚያፍር ብዙ ነውና።

ዳንኤል ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ መስኮቱን ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም መስኮታቸውን ለጸሎት፥ በራቸውን ለጎረቤት እንዲከፍቱ የዳንኤል አምላክ ይርዳቸው፤ በሰላም ጠብቆም ለአገራቸው ያብቃቸው። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።