«ቻው» ስንል

ከክፍል ስንወጣ «ቻው» እንባባላለን። ሚዛን ተፈሪም ማጂም ወጣቱ እንዲሁ ይላል (ለሽማግሌ እንኳ «ደኅና ይዋሉ» እንጂ «ቻው» አንልም)። ቃሉን ያገኘነው ከጣልያኖች ነው፤ እነሱም ከቬኒስ ሰዎች። የድሮ ቬኒስ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ «ባሪያዎ ነኝ» ይል ነበር፤ ልታዘዝ ማለቱ ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል እየተሸራረፈ «ቻው» ሆነ። በየቀኑ ምን እየተባባልን ነው እንግዲህ!

ወንድሞቹም ብዙ ናቸው፤ ጣልያን «ስኪያቮ»፣ ስፓኝ «ኤስክላቮ»፣ ፈረንሳይ «ኤስክላቭ» ይላል። ሁሉም የመጡት በመካከለኛው ዘመን ላቲን ከነበረው «ስክላቩስ» ነው። ይህ ግን መጀመሪያ የሕዝብ ስም ነበር፤ ስላቮች ማለት ነው። የጥንቱ ላቲን ባሪያን «ሴርቩስ» ነበር የሚለው። በኋላ ስላቮች እየተማረኩ በብዛት ስለተሸጡ ስማቸው የባርነት ስም ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ምን ይጠበስ፣ ተረስቷል እኮ፣ የሚሉ ጓደኞች አሉን። ስለ «ቻው» እውነታቸውን ነው። ግን ቀጥለው «ባሪያም ያው ቃል ነው፣ ለቀልድ ነው» ሲሉ አንስማማም። የቬኒሱ ሰው ቃሉን የተናገረው በገዛ ፈቃዱ፣ ስለ ራሱ ነው። የኛም ግዕዝ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ከአንድ ሥር «ገብረ ሥላሴ» የሚል የክብር ስምም «ገባር»ም ወጥተዋል። አንዱ ራስን ለአምላክ መስጠት ነው፤ ሌላው በሰው ላይ የሚጫን ነው።

ማጂ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከገባች ወዲህ የዲዚ ገበሬ ለነፍጠኛ ገባር ሆኖ ተደለደለ። ሹም በተሻረ ቁጥር ወታደሩ ገባሮቹን እየነዳ ይሄድ ነበር። የባሪያ ፍንገላው አገሩን ባዶ አደረገው። እዚያው ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊ አርኖልድ ሆድሰን ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ ጽፏል። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ዘመን ነው።

ስለዚህ ተረስቷል ሲባል ማን ረሳው ብለን እንጠይቃለን። የረሳው ጠሪው ነው፤ ተጠሪውን ማንም አልጠየቀውም። አጥንት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲጠየቁ ቃሉን ዛሬም በሹክሹክታ ያነሱታል፤ ልጅቷም ትከለከላለች።