የታተመ ቃልና የሽማግሌ ምስክርነት

በ1993 ዓ.ም. የተጀመረው ዊኪፔዲያ ማንም የሚጽፍበት፥ ማንም የሚፍቅበት መዝገበ ዕውቀት ነው። ጸሐፊዎች ሲጣሉ ሕጉ፥ በመወያያው ገጽ ተነጋገሩ፥ የታተመ ማስረጃም አቅርቡ ይላቸዋል፤ የእንግሊዝኛው ክፍልማ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የባልንጀራውን ጽሕፈት የሚሽረውን ያግደዋል። ይህ ጉልበተኛውን ይገታል፤ መልካም ነው።

ነገር ግን በሀድያዋ ጃጁራ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለ መንደራቸው አሰያየም የሚያውቁት አልታተመም እንበል። በሽምግልና ሸንጎ ቃላቸው ይደመጥ ነበር፤ በመዝገቡ ግን ከአሮጌ መጽሐፍ የተቀዳ ስሕተት ይረታቸዋል። እኛ ቃላቸው ሳይመረመር ይግባ አንልም፤ የሩቁ አንባቢ እሳቸውን መስቀለኛ ሊጠይቃቸው አይችልምና። ዳሩ ግን ፋቂው፥ «ማስረጃ የለህም» ብሎ ሲዘጋው፥ ማስረጃው ለምን እንዳልታተመ መጠየቅ አይገባውምን? የሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ የአዛውንቱ ቃል በዚያ ተመርምሮ ቢታተም ሙግቱ ያን ጊዜ ይጀመራል።