ውሻይቱን ማን ጠየቃት?

በ2015 ዓ.ም. ቲም ሻዶክ የተባለ አውስትራልያዊ ቤላ የምትባል ውሻውን ይዞ በሸራ ጀልባ ከሜክሲኮ ተነሣ። ማዕበል የጀልባዋን መሣሪያዎች ስላበላሸባቸው ጥሬ ዓሣ እየበሉ፣ የዝናም ውኃ እየጠጡ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተንከራተቱ። በሐምሌ ወር የሜክሲኮ ዓሣ አጥማጆች አዳኑአቸው።

ሁላችንም የቤላን ታማኝነት አደነቅን። ለመሆኑ ከባሕር መካከል ወዴት ትሄዳለች? የጀልባውን ኑሮ እርሱ መረጠ፤ እርስዋን ግን ማን ጠየቃት? እንግዲህ የሚወደን ሁሉ መንገዱን ወዶ ተከተለን አንበል።

ሻዶክ ከዳነ በኋላ ቤላን ከመርከበኞቹ ለአንዱ አደራ ብሎ ሰጠ። በመጀመሪያ «ከዳት» ብለን ነበር። ስናስበው ግን ለእርስዋ የሚበጀውን ከራሱ ናፍቆት ያስቀደመ መሰለን።

እኛስ ታናናሾቻችንን ከኋላችን ስናስከትል፣ ወዴት እንደምንወስዳቸው አስበናልን?