የሚቀጥለው መዝሙር

ወዳጆቼ፣ ስልካችሁ ውስጥ ስንት መዝሙር አለ? የእኔ 214 ነው። ግማሹን ሰቆጣ ሞባይል ቤት ከፍዬ ሚሞሪ ላይ ያስጫንኩት፣ የቀረውን ከኅብረት ጓደኞቼ በብሉቱዝ የተቀበልኩት ነው። ከከተማ ወጣ ሲሉ ኔትወርክ ይጠፋል፤ በዋግ ተራሮች መንገድ ላይ ያለን ይኸው የተጫነው ብቻ ነው። የተጠላለፉትን ሁለት ቀስቶች እነካና ስልኩ በዘፈቀደ እያቀላቀለ ያሰማኛል።

ድንገት የመጣው መዝሙር ከልባችን ጉዳይ ጋር ሲገጥም «ጌታ ተናገረኝ» እንላለን። በወጣቶች ፕሮግራም እንዲህ ያለ ምስክርነት ብዙ ሰምተናል፤ እኔም መስክሬ አውቃለሁ። ግን የተናገረው ማን ነው?

ዕጣ ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም። ምሳሌ 16፥33ን አንብቡት። ማትያስም በይሁዳ ቦታ የተተካው በዕጣ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ላይ ታገኙታላችሁ። ልብ በሉ፤ እነርሱ አስቀድመው መስፈርት አወጡ፣ ሁለት ሰዎች አቆሙ፣ ጸለዩ። ዕጣው ከወጣ በኋላ «አንዴ ይደገም» ያለ የለም።

የእኛ ዕጣ ግን ራሳችን ከሞላነው ከረጢት የሚወጣ ነው። ከ214 መዝሙሮቼ 70 ያህሉ ስለ መጽናናት ናቸው። ባዘንኩ ቀን የሚያጽናና መዝሙር ቢመጣልኝ ከሦስት አንዴ ያህል የሚያጋጥም ነገር ነው። ደግሞም ሰው እውነተኛውን አጋጣሚ ብዙ አያምነውም። የአይፖድ ተጠቃሚዎች የአንድ ዘፋኝ ሥራ ሲከታተልባቸው «ይህ በዘፈቀደ አይደለም» ብለው ስላማረሩ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሳሳዮቹን የሚያራርቅ ማስተካከያ ጨመረ። በዘፈቀደ እንዲመስላቸው ዘፈቀደነቱ ተቀነሰ!

እግዚአብሔር በስልክ አይናገርም ማለቴ አይደለም። በበለዓም አህያ ተናግሯል፤ ስልክ አያቅተውም። እኔን የሚያሳስበኝ ጣታችን ነው።

አዲስ አበባ ሥራ ተገኘልህ በተባልኩ ጊዜ እናቴ ደረቷን ታማ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቆይ? «ጌታ ሆይ፣ ቀጥሎ በሚመጣው መዝሙር ምራኝ» ብዬ ቀስቶቹን ነካሁ። ስለ መታገሥና ስለ መጠበቅ የሚል መጣ። «ይሄ ለእኔ አይደለም» አልኩና አሳለፍኩት። ቀጥሎ የምስጋና መዝሙር መጣ። ይሄማ መልስ አይሆንም። ሦስተኛው ስለ መንገድ ነበር። እንባዬ መጣ። ተነሥቼ ትኬት ቆረጥኩ፤ ለኅብረቱም መሰከርኩ።

በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለዓመታት የታሰረውን የተስፋዬ ጋቢሶን ካሴት የሰሙ ታላላቆቻችን እንዲህ አይቀናቸውም ነበር። አንዱን መዝሙር ለመዝለል፣ ባትሪ እንዳያልቅ ካሴቱን አውጥቶ በእስክሪብቶ ማጠንጠን ነበር። ከዚያ ሁሉ ድካም የመጣውን መስማት ይቀላል። ስለዚህ ያልፈለጉትም ጆሯቸው ይደርስ ነበር። ካሴት ይሻላል ልል አይደለም፤ ቴፕ ስንቱን መዝሙር በልቷል።

መሄዴ ስሕተት ነበር አልልም። እናቴ ራሷ «ሂድ» ብላኛለች። ግን ውሳኔውን የወሰንኩት እኔ ሆኜ ሳለ በጌታ ስም ፈረምኩበት። ስለ እናቴ ማሰብ ከነበረብኝ፣ ከሽማግሌዎች ጋር መማከር ከነበረብኝ፣ እነዚያ ሁለት ቀስቶች አሳረፉኝ።

በዚያው ጉዞ አስከተማን እንዳለፍን ስልኩ የእናቴን ድምፅ አመጣ። እኅቴ በቤት ጸሎት ላይ ቀድታ የላከችልኝ፣ በኽምጥኛ የምትዘምረው ነበር። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ አሳለፈው።

ትናንት ማታ እንደገና መጣ። ስልኩን ወንበር ላይ አስቀምጬ እጄን ሰበሰብኩ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ዝማሬው ካለቀ በኋላ ታስላለች፤ ቆየት ብላ ስሜን ጠርታ ስለ መንገዴ መጸለይ ትጀምራለች። ቅጂው እዚያ ላይ ይቆማል።