መሬት ለአራሹ፣ በዊስኮንሲን

ዳንኤል ሚዩር ልጆቹን መጽሐፍ ቅዱስ በቃል እያስጠና ያሳደገ፣ ያላጠናውንም የሚገርፍ ስኮትላንዳዊ ነበር። በ1849 (እ.ኤ.አ.) ከደንባር ተነሥቶ ዊስኮንሲን ገባ፤ ፖርቴጅ ከተባለችው ከተማ ራቅ ብሎ፣ ከትንሽ ሐይቅ ዳር ጎጆ ቀልሶ ስንዴ ዘራ። ሐይቁ ዳር ያለው ጥብቅ ስፍራ ዛሬ የሚጠራው ያኔ የ11 ዓመት ልጅ በነበረው በጆን ሚዩር ስም ነው።

ነባሩ የሜኖሚኒ ሕዝብ ያንን አገር በውል የለቀቀው ገና በ1848 ነበር። ስለዚህ መሬቱ በእውነት የማን እንደሆነ ሰፋሪዎቹ እርስ በርስ ይከራከሩ ነበር። ጆን በልጅነት ትዝታው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አባቱ እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ለም መሬት ለአዳኞች ብሎ አልፈጠረም፣ አርሶ ብዙ ሰው ለሚቀልብ ይገባል ባይ ነበር። ጎረቤታቸው ጆርጅ ሜር ነገሩን ገለበጠው። እኛስ ብንሆን መች በቅጡ አረስን? ነገ ከእኛ አብልጦ የሚያመርት ገበሬ መጥቶ፣ በዚሁ ምክንያት ልቀቁ ቢለን ምን እንመልሳለን?

በኢትዮጵያ «መሬት ለአራሹ» ለጢሰኛው ተብሎ በባለርስቱ ላይ የተነሣ ጥያቄ ነበር። በዊስኮንሲን አራሽነት ነባሩን ማስወጫ ሆነ።

መሬቱም ለሜር ሳይመሰክር አልቀረም። ስንዴ ሲደጋገምበት በጥቂት ዓመታት ዛለ፤ ዳንኤልም ሌላ እርሻ ፍለጋ ሄደ።

ጆን ካደገ በኋላ በሐይቁ ዳር ያለውን የአበባ መስክ ከእህቱ ባል ሊገዛ ጠየቀ። ሊያርሰው አልነበረም፤ ከብት እንዳይገባበት አጥሮ ሊተወው ነበር እንጂ። አልተሳካለትም። ዕፅዋትና እንስሳት በመጀመሪያ የተፈጠሩት ለራሳቸው ነው፣ ለሰው መገልገያ ብቻ አይደለም ብሎ ያምን ነበር፤ ለዳንኤል ቤት ይህ ትንሽ ክህደት አልነበረም። መስኩ የሕዝብ መናፈሻ የሆነው እሱ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1957 ነው።

ይሁን እንጂ አጥሩ ከብቱን ብቻ አያግድም። ማንም አይንካው የተባለ ምድር ቀድሞ የሚያድንበትን ሰውም ያስቀራል፤ የሜር ጥያቄ አላርስም ላለው ልጅም ይደርሳል ማለት ነው። ጆን ስለ ነባር ሕዝቦች በወጣትነቱ የጻፈው አንዳንዱ ነገር ንቀት አለበት። እሱ በ1892 ከሌሎች ጋር የመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ ሴራ ክለብም በ2020 ይህንኑ በይፋ ወቅሷል።