ስለ ረቂቅ ፍጥረትና ስለ ፈጣሪ

ጸሎተ ሃይማኖት ለዓይን ከሚገለጠው ጋራ ለዓይን የተሰወረውም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን ሲያስተምረን፥ አለመታየት ብቻውን የአምላክነት ምልክት እንዳይደለ አብሮ ያስረዳናል። ለዚህም ትምህርት የዘመኑ የፊዚክስ ሊቃውንት ኒውትሪኖ ብለው የሰየሙት ረቂቅ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከፀሐይ የሚመነጨው ይህ ቅንጣት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በየሴኮንዱ 60 ቢሊዮን ያህል እየሆነ ስለሚያልፍ፥ በቀን በቁይ ከተማ ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍረውን ገበሬ፥ በሌሊትም ምድርን ራሷን ሰንጥቆ የተኛውን ሕፃን፥ ሳይታወቃቸው ዘልቋቸው ይሄዳል።

የፊዚክስ ሊቃውንቱ ራይነስና ካወን እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በኑክሌር ማብላያ አጠገብ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፥ ቅንጣቱ ሦስት ዓይነት መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ከማብላያ ምን ያህል ኒውትሪኖ እንደሚወጣ የሚገምተው ስሌት ቢታደስ፥ ከማብላያዎች የተለካው ቁጥር ከሚጠበቀው 6 በመቶ ያህል ጎድሎ ስለ ተገኘ፥ ከስበት በቀር ምንም ኃይል የማይነካው፥ ስቴራይል የተባለ አራተኛ ኒውትሪኖ ይኖር ይሆን፥ የጎደለውም ወደ እርሱ ተለውጦ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣ።

በአውድማ ሽማግሌ የገመተው እህል በቁና ሲሰፈር ቢጎድል፥ ሌባ ከመፈለግ አስቀድሞ ግምቱን መመርመር ይገባል። በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ስቴሬዮ የተባለውን መሣሪያ ያቆሙት ተመራማሪዎችም ያደረጉት ይህንን ነው፤ ከማብላያው እምብርት 10 ሜትር ያህል ርቀት ላይ መሣሪያውን በ6 ክፍል ከፍለው፥ ለውጥ ካለ በርቀት ልክ ይለያያልና፥ በግምቱ ሳይደገፉ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ውጤት የአራተኛው ቅንጣት ምልክት አለመታየቱን፥ ስሕተቱም ስሌቱ በቆመበት በቀድሞው የዩራኒየም ልኬት ላይ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ። ኒውትሪኖ-4 የተባለው የሩሲያ ምርምር ምልክቱን አይቻለሁ ቢልም፥ ሌሎች መሣሪያዎች አላጸኑለትም።

እንግዲህ ሃይማኖቱን በልኬት ጉድለት ላይ የሚመሠርት ሰው፥ ጉድለቱ በተሞላ ጊዜ ሃይማኖቱ እንዳይናወጥበት ሊያስብ ይገባዋል። የተሰወረ ፍጥረት ምንም ቢረቅ፥ ቢኖር ከሚያደርገው ለውጥ ይታወቃል፤ ስለዚህ ለፈተና ይቀርባል፥ ባይገኝም ይተዋል። ፈጣሪ ግን ከፍጥረታት ቁጥር አንዱ፥ በስሌት መካከል የቀረን ባዶ ስፍራ የሚሞላ አይደለም፤ የተገኘውም የታጣውም ስሌት የሚጸናበት ሥርዓት ባለቤት ነው። ስለዚህ በየጉባኤ ቤታችን ሥነ ፍጥረት የሚማር ወጣት ይህንን ምርምር ሳይፈራ ይማረው፤ ሊቅ ረቂቁን ፈልጎ «አላገኘሁም» ብሎ ሲመሰክር እውነትን አከበረ እንጂ ፈጣሪን አላሳነሰምና።