የወታደር ክብርና የመርዶ ሥርዓት

በዛሬ ወጣቶች ዘንድ ከሚታዩት መላላቶች ሁሉ ለታላላቆች እጅግ የከበደው፣ በጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር ምስል በቴሌግራምና በቲክቶክ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር ሃይ የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። የጦር ዜና መከታተል በራሱ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አገሩን የሚወድ ሰው፣ በየግንባሩ የተሰለፉት የሰው ልጆች እንዴት እንደዋሉና እንዳደሩ ሊጠይቅ ይገባዋል። ነውሩ የወታደሩን ሞት፣ እናቱ ሳትሰማ ጎረምሳ ሁሉ አይቶት መዋሉ ነው።

መርዶ፣ ማለትም የሞት ዜና ለቅርብ ዘመድ በወግ የሚነገርበት ሥርዓት፣ ከአባቶች የተወረሰ ትልቅ ርኅራኄ ያለበት ነው። ወሬው ቀድሞ የደረሳቸው ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይመክራሉ፤ የንስሐ አባት ይጠራል፤ እናቲቱ እንዳትጠረጥር ማንም ፊቱን ሳያጠቁር ይታደራል። ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት በዝግታ ይሰበሰባል፤ ልበ ጠንካራ የሆኑ ሴቶች ከአጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ አንደበቱ የተገራ ሽማግሌ ነገሩን ይናገራል፤ ስትወድቅ የሚይዛት፣ ራሷን ስትስት ውሃ የሚረጫት ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። አሁን ግን ያቺው እናት ቡና እያፈላች ሳለ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ ይገባል፤ በስልኩም ላይ የልጇ ፊት፣ ከደረት ኪሱ የወጣው መታወቂያና ከመታወቂያው ጋር የነበረው የቤተሰብ ፎቶግራፍ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ከሥሩ እየተሳለቀ የሚጽፍ አለ፤ ጀግና ብሎ የሚያሞግስም አለ፤ ለእናቲቱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ወጣት የነበሩ ሰዎች እንደሚያስታውሱት፣ ሬዲዮ ያለው ቤት ማታ ማታ በጎረቤት ይሞላ ነበር፤ ዜናው ሲጀመር ሕፃን እንኳ ዝም ይሰኝ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል በተገኘ ጊዜ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ሆኖም ልጁን ወደ ኦጋዴን የሸኘ ቤት በአጠገቡ ሲኖር፣ ታላላቆች የልጆቹን ጭፈራ በዓይን ጥቅሻ ዝቅ ያደርጉት ነበር፤ ምክንያቱም የማን ልጅ እንደቀረ ገና አልታወቀም። ያ ትውልድ ከዛሬው የበለጠ መረጃ አልነበረውም፤ የነበረው ይሉኝታ ነው።

ጀግንነትን ማክበር ሟቹን ከማክበር እንደማይለይ ቃኘው ሻለቃ ጦር በተግባር አሳይቷል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመረውና ስሙን ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የወሰደው ይህ ጦር ከ120 በላይ ጀግኖቹን አጥቷል፤ ከ500 በላይ ቆስለውበታል፤ አንድም ምርኮኛ ግን ለጠላት አልሰጠም። የወደቁትም ለአገራቸው አፈር ስለበቁ፣ ዛሬ በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የኢትዮጵያዊ መቃብር አይገኝም። ሬሳ ተሸክሞ ባሕር ያሻገረ ሠራዊት የልጅ ልጅ፣ የሟችን ገላ ለ«ላይክ» መሰብሰቢያ ማዋሉ ሊያሳፍረው ይገባል።

ቅዱስ መጽሐፍ ለሚያነብም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሳኦልን ዘውድ ይዞ ሽልማት ፍለጋ የሮጠውን ወጣት ዳዊት በሞት ቀጣው እንጂ አልሸለመውም፤ ሳኦል አሳዳጁ ሆኖ ሳለ ልብሱን ቀድዶ እስከ ማታ ጾመ፤ ሞቱም በፍልስጥኤማውያን ከተሞች እንዳይወራ ተማጸነ። ጠላት ለሆነው እንዲህ ከታዘነ፣ ወገን ከወገን በተዋጋበት በዚህ ዘመን የወደቀ ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ልጅ መሆኑ እንዴት ይዘነጋል? የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ በኋላ፣ በትግራይ ለወደቁት ተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ የተነገረው ዓመት ሊሞላ ሲል ነበር፤ ያን ያህል ጊዜ የጠበቀች እናት ቢያንስ ከሰው አንደበት መስማት ይገባታል።

የሚጓዝ ጦር እየቀረጹ መልቀቅ የሰው ሕይወት ማስጠፋት መሆኑን ወጣቱ ይወቅ። በአርበኞች የድል በዓል፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ አራት ኪሎ ለሚቆሙት አርበኞች ቀርቦ እጅ መንሳትም ፎቶግራፍ ከመነሣት ይቅደም። ዜና ሲሰማ ደግሞ ከአንድ በላይ ምንጭ ይመልከት፤ ያልተረጋገጠውን ከራሱ ጋር ያስቀረው። ከሁሉ በላይ ግን የወደቀ ወታደር ምስል የደረሰው ወጣት ለማንም ሳይልክ ያጥፋው፤ ሟቹን ያወቀው እንደሆነም አፉን ይዞ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ይሂድና ለእነርሱ ብቻ ይንገር።